መድኃኒቱ ቀድሞ ደረሰ

ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ስሙ ያልታወቀ አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ የቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን ወደቦች በተራ የሚዘረዝር የነጋዴ መመሪያ ጻፈ። የዛሬዋ የሶማሌላንድ ወደብ በርበራ በዚያ መጽሐፍ ማላዎ ተብላለች። ከወደቧ ስለሚጫነው ዕቃ ሲናገር ከርቤ፣ ጥቂት ዕጣን፣ ጠንካራ ቀረፋ፣ ማኪር የሚባል ቅርፊትም ይጠቅሳል። ማኪርን የዚያው ዘመን ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒም ያውቀዋል፤ ከማር ጋር ተቀቅሎ ደም ለተቀላቀለበት ተቅማጥ ፍቱን ነው ይለናል። ስለዚህ የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሀርጌሳ ከመቆርቆሯ እጅግ ቀደም ብሎ በዚህ ምድር መድኃኒት በመርከብ ይጫን፣ ይራገፍ ነበር። የጠፋው፣ እስከ ቅርብ ጊዜም ድረስ ጠፍቶ የቆየው፣ መድኃኒቱን በትምህርት የሚያውቀው ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው የዚያን ሰው መምጣት ነው። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕውቀት ጨርሶ አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። ከሀርጌሳ በስተምሥራቅ በሳናግ ተራሮች የዕጣን ለቃሚ ቤተሰቦች ዛፉን በየት በኩል እንደሚፍቁት፣ ሙጫው እስኪደርቅ ስንት ቀን እንደሚታገሡ፣ የትኛው ዛፍ ማረፍ እንዳለበት ያውቃሉ። መይዲ የሚባለው ምርጥ ዕጣን በዓለም ላይ ከሞላ ጎደል ከእነዚህ ተራሮች ብቻ የሚገኝ ነው። ለቃሚዎቹ ሙጫውን በቀለሙ፣ በመጠኑና በጥራቱ እየለዩ ደረጃ ያወጡለታል። ዛሬ የፋርማሲ ተማሪ ከዕፅዋት ስለሚገኙ መድኃኒቶች በሚማርበት ክፍል የሚጠየቀውም ይኸው ነው፦ ይህ በእርግጥ የተባለው ተክል ነው? ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል? ኃይሉስ አለ? ለቃሚው በዓይኑና በአፍንጫው የሚመልሰውን ተማሪው በማጉሊያ መሣሪያና በኬሚካል መልሶ ያረጋግጣል።

ሀርጌሳ ራሷ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከበርበራ ወደ ሐረር በሚወስደው የሲራራ መንገድ ላይ የውኃ ማረፊያ ነበረች። ሼክ መዳር የተባሉ የቃዲሪያ ሱፊ ጠሪቃ መሪ ተከታዮቻቸውን ይዘው ሰፈሩባት፤ መንደሩም እያደገ ሄደ። እንግሊዞች አካባቢውን በ1884 በጥበቃ ሥር ቢያደርጉም ዓይናቸው በርበራ ላይ ነበር። ነሐሴ 1940 ኢጣሊያ ወረረች፤ መጋቢት 1941 እንግሊዝ መልሳ ያዘች። የአስተዳደሩ መቀመጫ ወደ ሀርጌሳ የተዛወረውም በዚያው ዓመት ነው።

በዚያ ዘመን በሀርጌሳ የሕክምናን ሸክም ከተሸከሙት ጥቂት ሰዎች አንዱ አደን ኢስማኢል ነበሩ። ሕዝቡ ሐኪም ብሎ የሚጠራቸው፣ ሌት ተቀን በራቸው የሚንኳኳ ሰው። ሴት ልጃቸው ኤድና በመስከረም 1937 ተወለደች። ልጅቱ በዚያ የሕመምተኛ ወረፋ አጠገብ አደገች፤ የኋላ ሕይወቷ የተቀረጸውም እዚያ ነው።

ኤድና በተወለደችበት መከር አሜሪካ ውስጥ የደረሰ አንድ አደጋ በየትኛውም አገር የፋርማሲ ተማሪ መጀመሪያ ላይ የሚማረው ታሪክ ሆኗል። አንድ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በፈሳሽ መልክ ማቅረብ ፈለገ። ዱቄቱ በውኃ ስለማይሟሟ ዳይኤትሊን ግላይኮል በሚባል ጣፋጭ ኬሚካል አሟሙት። ጣዕሙን፣ መልኩንና ሽታውን ፈተሹ፤ መርዛማነቱን ግን ማንም አልፈተሸም። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው ብዙ ሕፃናት ነበሩ። በማግስቱ ዓመት በ1938 አሜሪካ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ እንዲረጋገጥ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። የገደለው መድኃኒቱ አልነበረም፤ ማሟሟያው እንጂ። ፋርማሲ ከሕክምና ተለይቶ የራሱ ሳይንስ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ስለ በሽታው ያውቃል፤ በጠርሙሱ ውስጥ ከመድኃኒቱ ሌላ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ወደ ሀርጌሳ ልመለስ። ዛሬም የከተማዋ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል የሆነው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተሠራ። ኤድና በ1954 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ለንደን ገቡ፤ ነርስነትና አዋላጅነት ተምረው በ1961 ተመለሱ። በሙያው በትምህርት የሠለጠኑ የመጀመሪያዋ ሶማሌ ሴት እሳቸው ናቸው። ከመመለሳቸው ከአንድ ዓመት በፊት፣ ሰኔ 26 ቀን 1960፣ ሶማሌላንድ ነፃ ወጥታ ሐምሌ 1 ከደቡቡ ሶማሊያ ጋር ተዋህዳ ነበር። ድንበር ማዶ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በዚያው በ1961 የፋርማሲ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ተጀመረ። ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ በ1910 የአገራቸውን ስም የያዘ መድኃኒት ቤት በአዲስ አበባ ከከፈቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እኛም ዘንድ ቢሆን መድኃኒት ቤቱ ከመድኃኒት አዋቂው 50 ዓመት ቀድሟል።

የሀርጌሳ ወጣት ግን ከፍተኛ ትምህርት ሲፈልግ ሞቃዲሾ መሄድ ነበረበት። በ1970ዎቹ እዚያ የሕክምና ፋኩልቲ በኢጣሊያኖች ድጋፍ ተከፈተ፤ ትምህርቱም በኢጣሊያንኛ ነበር። በእንግሊዝኛ ተምሮ ያደገ የሰሜን ልጅ አናቶሚ ከመማሩ በፊት ኢጣሊያንኛ ይማራል። ተመርቆ ወደ ሀርጌሳ የሚመለሰው ጥቂት ነበር።

በ1981 የሀርጌሳ ሆስፒታል የተራቆተ ቤት ነበር። መድኃኒት የለም፣ አልጋው ተሰባብሯል፣ ግቢው በቆሻሻ ተሞልቷል፣ ከመንግሥት የሚመጣው ገንዘብ የትም አያደርስም። በከተማዋ የነበሩ ወጣት ምሁራን ተሰባሰቡ፤ ሐኪሞች፣ መምህራን፣ መሐንዲሶችና ነጋዴዎች ነበሩባቸው። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ዶክተር አደን ዩሱፍ አቦኮርና የኢንዱስትሪ ኬሚስት የሆኑት መሐመድ ባሩድ አሊ ከእነሱ መካከል ነበሩ። ከነዋሪው ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ግቢውን በእጃቸው ጠረጉ፤ ዕቃ ጠገኑ፤ የጎደለውን ለማሟላት ተሯሯጡ። ተማሪዎችም አብረው ሠሩ። ሆስፒታሉ ነፍስ ዘራ።

የሶማሊያው ገዢ የዚያድ ባሬ መንግሥት ይህን እንደ ሴራ ቆጠረው። ሕዝብ ያለ መንግሥት ፈቃድ ተደራጅቶ ሆስፒታል ማደስ ከቻለ ነገ ሌላም ይችላል ብሎ ፈራ። ወጣቶቹ ከ1981 መጨረሻ ጀምሮ ተለቃቅመው ታሰሩ። የካቲት 20 ቀን 1982 ፍርድ ቤት በቀረቡ ዕለት የሀርጌሳ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ በድንጋይና በጥይት መካከል ሕይወት ጠፋ። ከተማዋ ያንን ቀን እስከ ዛሬ ታስበዋለች። በተከሳሾቹ ላይ እስከ ዕድሜ ልክ የሚደርስ ፍርድ ተበየነ።

የታሰሩት በደቡብ ሶማሊያ ላባታን ጅሮው በሚባል እስር ቤት፣ እያንዳንዱ ለብቻው በተዘጋ ክፍል ነበር። መነጋገር ክልክል ነው። እስረኞቹ ግን ግድግዳ በማንኳኳት ፊደል ፈጠሩ። ከጊዜ በኋላ ዶክተር አደን አንድ መጽሐፍ እንዲያነቡ ተፈቀደላቸው፤ የቶልስቶይ ‹አና ካሬኒና› ነበር። ጎረቤታቸው ባሩድ በብቸኝነትና በጭንቀት እየተሰቃዩ ስለነበር ዶክተሩ ያንን ግዙፍ ልብ ወለድ ፊደል በፊደል እያንኳኩ አነበቡላቸው። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከጀግንነቱ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ኪሳራው ነው። ለሀርጌሳ መድኃኒት ሊቀምም፣ ጥራቱን ሊፈትሽ፣ ሌሎችን ሊያስተምር የሚችል ኬሚስትና አንድ ሆስፒታል የሚመራ ሐኪም ከ7 ዓመት በላይ በጨለማ ክፍል ባከኑ። የተፈቱት በ1989 ነው። ያን ጊዜ ትተዋት የሄዱት ከተማ ፈርሳ ነበር።

ግንቦት 1988 መጨረሻ ላይ መንግሥትን የሚዋጋው የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሀርጌሳ ሲገቡ መንግሥት ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከራሷ ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ ነበር። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ጅግጅጋ አጠገብ ሐርቲ ሼክ ላይ የተቋቋመው መጠለያ በአንድ ወቅት 250 ሺህ ገደማ ሰው ይዞ ከዓለም ትልቁ የስደተኛ ጣቢያ ተብሎ ነበር።

በእንዲህ ያለ ጣቢያ ውስጥ ሕፃናትን ከሞት የሚያተርፈው ትልቁ መድኃኒት ውድ አንቲባዮቲክ አይደለም። በእጅ መዳፍ የምትያዝ፣ እኛ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንላት ከረጢት ናት። የፋርማሲ ተማሪ ከእሷ የሚማረው ብዙ ስለሆነ ጠጋ ብለን እንያት። በመጀመሪያው ቀመር ለአንድ ሊትር ውኃ 3.5 ግራም የገበታ ጨው፣ 20 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.5 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ነበረባት። ስኳሩ ለጣዕም የገባ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። የገባው ግን አንጀት ጨውንና ውኃን ወደ ደም በደንብ የሚያሻግረው ከግሉኮስ ጋር ተጣምሮ ሲያገኘው ስለሆነ ነው። ሆኖም በሞቃትና እርጥበት ባለበት አገር መጋዘን ውስጥ ባይካርቦኔቱ ከግሉኮሱ ጋር እየተጋጨ ዱቄቱ ይቋጠራል፤ ይጠቁራል። ስለዚህ በ1984 ባይካርቦኔቱ ወጥቶ በቦታው 2.9 ግራም ሲትሬት ገባ። ያቺ ለውጥ በማንም ሐኪም ማዘዣ ላይ አልታየችም፤ ከረጢቷ ግን ሙቀትን መቋቋም ቻለች። በ2002 ደግሞ የጨውና የግሉኮሱ መጠን ወደ 2.6 እና 13.5 ግራም ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ቀጠን ያለው ድብልቅ ተቅማጡንም ትውከቱንም እንደሚቀንስ በጥናት ስለታየ ነው። በበርበራ ወደብ ለተቅማጥ ቅርፊት ይጫን ከነበረበት ዘመን እስከዚህች ከረጢት ያለው ርቀት የፋርማሲ ሳይንስ ርቀት ነው።

ግንቦት 18 ቀን 1991 ሶማሌላንድ ከሶማሊያ መለየቷን አወጀች። ያን ጊዜ ዓለም ዕውቅና አልሰጣትም፤ ሕዝቡ ግን ከሐርቲ ሼክና ከሌሎች ጣቢያዎች እየተመለሰ ፍርስራሹን መጥረግ ጀመረ። ንግድ ከሁሉ ቀድሞ አንሠራራ፤ ከንግዱም መድኃኒት አንዱ ሆነ። ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከሌሎች አገሮች፣ ብዙውን ጊዜ በዱባይ በኩል፣ በበርበራ ወደብ ይገባል። መድኃኒት ቤት መክፈት ሱቅ ከመክፈት የተለየ አልነበረም። ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ መሸጥ፣ ፍሬ ቆጥሮ መስጠት፣ ባንኮኒ ላይ ቆሞ በሽታ መለየት የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ። በእነዚህ ሻጮች ላይ መፍረድ ይከብደኛል። ሐኪም በሌለበት ከተማ ሕዝቡን ያገለገሉት እነሱ ናቸው። ጉዳቱ ግን አለ፤ ግማሹ ተውጦ የተተወ አንቲባዮቲክ ለተሕዋስያኑ ልምምድ ይሆንላቸዋል፤ በማግስቱ ያው መድኃኒት አይሠራም።

ሙቀቱም ሌላ ጣጣ ነው። ሀርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነፋሻ ናት፤ የበርበራ ሙቀት ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይከፋል። በብዙ መድኃኒት ካርቶን ላይ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ተብሎ ተጽፏል። ክኒኑ መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉ ሊያልቅ ይችላል። ይህን ገዢው በዓይኑ አያየውም፤ ሻጩም አያየውም።

የከፍተኛ ትምህርት መመለስ የጀመረው ከቦረማ ነው፤ አሙድ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ ማስተማር ጀመረ። የሀርጌሳ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ተከተለ። ሁለቱም የተቋቋሙት በነዋሪው፣ በነጋዴውና በውጭ አገር ባሉ ተወላጆች መዋጮ ነው። ለንደን የሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ከዚያው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የጤና ትምህርቱን በመምህራንና በፈተና ዝግጅት አግዟል። ከእኛም ወገን አድማስ ዩኒቨርሲቲ ሀርጌሳ ላይ ካምፓስ ከፍቷል፤ በከተማዋ ተቋማት የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን መምህራንም ጥቂት አይደሉም።

ኤድና አደን ከዓለም ጤና ድርጅት ጡረታ እንደወጡ ያላቸውን ሸጠው፣ የጡረታ ገንዘባቸውን ጨምረው የእናቶች ሆስፒታል መሥራት ጀመሩ። የተሰጣቸው ቦታ የቀድሞው መንግሥት ሰው ይረሽንበት የነበረ፣ በኋላ የቆሻሻ መጣያ የሆነ ሜዳ ነው። ሕንጻው ሳያልቅ ነርስ ተማሪዎችን መቀበል ጀመሩ፤ ሆስፒታሉ በመጋቢት 2002 ተመረቀ። ከነርሶችና ከአዋላጆች ቀጥሎ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎችም መሠልጠን ጀመሩ፤ ማሠልጠኛውም አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

የእናቶች ሆስፒታል ፋርማሲስት የሚፈልገው ለምን እንደሆነ በአንድ መድኃኒት ማሳየት ይቻላል። ኦክሲቶሲን ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምን የሚያቆም መርፌ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከወደብ እስከ ማዋለጃ ክፍል ባለው መንገድ ቅዝቃዜው አንድ ቦታ ቢቋረጥ መርፌው ያው ጥርት ያለ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል፤ አዋላጇ በትክክል ትወጋለች፤ ደሙ ግን አይቆምም። በ2018 በ10 አገሮች ወደ 30 ሺህ በሚጠጉ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ሙቀትን የሚቋቋም ካርቤቶሲን የተባለ መድኃኒት በተፈጥሯዊ መንገድ ለሚወልዱ እናቶች የደም መፍሰስን በመከላከል ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ አሳይቷል። ይህን አንብቦ ለሆስፒታሉ የትኛው ይገዛ፣ የተገዛውስ እንዴት ይቀመጥ ብሎ መወሰን የፋርማሲስት ሥራ ነው።

ዛሬ ፋርማሲ ራሱን ችሎ በሀርጌሳ ዩኒቨርሲቲ፣ በኤድና አደን ዩኒቨርሲቲና በቦረማው አሙድ ይሰጣል። የጤና ባለሙያዎችን የሚመዘግብ ኮሚሽንም ተቋቁሟል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ኬሚስትሪ፣ የሰውነት አሠራርና ስሌት ይዞ ይገባል። ስሌቱ ቀላል ይመስላል። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አተኩሶታል እንበል፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 120 ሚሊ ግራም ታዞለታል። መደርደሪያው ላይ ሁለት ሽሮፕ አለ። አንዱ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም፣ ሌላው በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ይይዛል። ከመጀመሪያው አንድ ሙሉ ማንኪያ፣ ከሁለተኛው 2.4 ሚሊ ሊትር፣ ከግማሽ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ነው የሚሰጠው። ጠርሙሶቹ ግን ይመሳሰላሉ። ከሁለተኛው ሙሉ ማንኪያ የሰጠች እናት በየስድስት ሰዓቱ ከእጥፍ በላይ እየሰጠች ጉበቱን ልትጎዳው ትችላለች። ያልሠለጠነ ሻጭ ‹አንድ አንድ ማንኪያ› ብሎ ይሸኛታል፤ የሠለጠነው ልጁ ስንት ኪሎ ነው ብሎ ይጠይቃል፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አውጥቶ መጠኑ ላይ ምልክት ያደርግላታል።

በጥቅምት 2022 የዓለም ጤና ድርጅት ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት ከመሞታቸው ጋር የተያያዙ የሳል ሽሮፖችን ስም አውጥቶ አስጠነቀቀ። በሽሮፖቹ ውስጥ የተገኘው ዳይኤትሊን ግላይኮልና የቅርብ ዘመዱ ነበር፤ በ1937 የገደለው ያው ኬሚካል፣ ከ85 ዓመት በኋላ። በውጭ የተሠራ፣ በመርከብ የመጣ፣ ሲገባ በላቦራቶሪ ሳይፈተሽ የተሸጠ ሽሮፕ ነው። አብዛኛውን መድኃኒቷን ከባሕር ማዶ ለምታስገባ ሀርጌሳ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ለእኛም አይደለም። ከበርበራ የሚነሣው መንገድ ሀርጌሳን አልፎ፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበር ተሻግሮ ጅግጅጋና ሐረር ይገባል። በዚያ መንገድ ኮንትሮባንድ መድኃኒት እንደሚያልፍ የምሥራቁ ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። ሀርጌሳ ላይ ያልተፈተሸ ክኒን ድሬዳዋ ላይ ይዋጣል። ስለዚህ ሐረር ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤትና የሀርጌሳ አቻዎቹ መምህር ቢዋዋሱ፣ ተማሪ ለልምምድ ቢለዋወጡ፣ አጠራጣሪ መድኃኒት ሲገኝ የምርት ቁጥሩን በዕለቱ ቢነጋገሩ ለሁለቱም ሕዝብ ነው የሚበጀው። ለዚህ የሁለት መንግሥታት ስምምነት እስኪፈረም መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሁለት ትምህርት ቤቶች ዲኖች ይበቃሉ። ይህን የምታነቡ የፋርማሲ መምህራን፣ ይህን ሥራ ጀምሩት።